የተሳለሙት ናሙና

ልጄን «ለቤተ ክርስቲያን ፕላስቲክ መስቀል የሸጠችው» የሚላት ሰው ዛሬም አለ። ገበያ ውስጥ ከኋላዬ ሲባል ሰምቻለሁ። አልሸጠችም። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ግን የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሚያውቀው ሰው ዝም ካለ ደግሞ የማያውቀው ሲያወራ ይኖራል።

ባለቤቴ መስቀል ሠሪ ነው። ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለችው ቆርቆሮ ቤታችን የእጅ መስቀልም፣ ጸናጽልም፣ ታቦት ሲወጣ በረጅም እንጨት ተሰክቶ ከፊት የሚያዘውን የመጾር መስቀልም ሲሠራ ኖሯል። አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር። መስቀሉ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል። ሰሙ ዙሪያውን በጭቃ ይለበጣል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ውስጥ ይገባና ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስስበታል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበርና መስቀሉ ይወጣል። ለእያንዳንዱ የነሐስ መስቀል አንድ የሰም መስቀል እሳት ይበላዋል ማለት ነው። በዚህ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሰሙን ከሠሪው በቀር የሚያየው ስለሌለ።

የሥራው መከራ የነሐሱ ሙቀት አልነበረም። መከራው ያዘዙት ሰዎች ናቸው። ቄሶቹ ይመጡና የሌላ ደብር መስቀል በእጃቸው አየር ላይ እየሳሉ «እንደዚያ፣ ግን ሰፋ አድርገህ» ይሉታል። እሱ በገባው መጠን ይሠራል። ሊረከቡ ሲመጡ አንዱ ክንዱ አጠረ ይላል፣ አንዱ የሐረግ ጌጡ በዛ ይላል፣ አንዱ ዝም ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ያን ጊዜ ነገሩ ነሐስ ሆኗል። እንደገና ማቅለጥ፣ እንደገና ሰም፣ እንደገና ጭቃ። እንዲህ ሲሆን ሲሆን ጢሱ ደረቱን ያዘው፤ ቆይቶ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሚንቀጠቀጥ እጅ ጭቃ ይለበጥ ይሆናል፣ ሰም ግን አይቀረጽም። የድሮ ደንበኞቻችን ወደ ሌላ ሠሪ መሄድ ጀመሩ።

ልጃችን ቴክኒክና ሙያ የተማረች ናት። በኮምፒዩተር ዕቃ መሣል ትችላለች፤ አዙራ ከኋላም ከጎንም ታሳየኛለች። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ የተሣለውን ዕቃ በፕላስቲክ አድርጎ የሚያወጣ ማተሚያ አየች። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም። አሮጌውን ከአንድ ሰው ገዝታ፣ የዓባይን በረሃ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአውቶቡስ አመጣችው። ረዳቱ ጣራ ላይ ልስቀለው ሲላት እኔንም ከሱ ጋር ስቀለኝ እንዳለችው ነገረችኝ።

እኔ ፈርቼ ነበር። እኔ የማልፈራው ነገር የለም። ሶኬት ሲሞቅ እፈራለሁ፤ ከቤት ወጥቼ መንገድ ላይ ከሰሉን አጥፍቼዋለሁ ወይ ብዬ እመለሳለሁ። ይህ ደግሞ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ሽቦው የሚታይ፣ እንደ ወፍራም ክር የተጠቀለለ ፕላስቲክ እየሳበ የሚያቀልጥ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ነገር ነው። የቀለጠውን ፕላስቲክ ቀጭን መስመር አድርጎ ያነጥፋል፤ በላዩ ሌላ መስመር፤ በላዩ ሌላ። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ካለችው በርጩማ ላይ ሆኖ ሲመለከተው ዋለና «ይህች ምስጥ ናት» አለ። «እየተፋች ኩይሳዋን ትሠራለች።» ከዚያ ወዲህ ማተሚያው በቤታችን ስሙ ምስጧ ሆነ።

ምስጧ መብራት ሲጠፋ ሥራዋን ትረሳለች። የጀመረችው ዕቃ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። መብራት ደግሞ በኛ ሰፈር ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ልጄ አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ስትደነግጥ እኔም አብሬያት መደንገጥ ለመድኩ። አቧራ እንዳይገባባት ማታ ማታ አሮጌ ነጠላ እያለበስኳት አድር ነበር። ልጄ ልቤን ለማሸነፍ ብላ አንድ ቀን ሲኒ የሚመስል ነገር አወጣችልኝ። ደስ ብሎኝ ትኩስ ሻይ ቀዳሁበት። እጄ ላይ እንዳለ ጎኑ ለስለስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሻዩ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ልጄ እስክታለቅስ ሳቀችና ይህ ፕላስቲክ ሙቀት እንደማይችል፣ የተሠራውም ለማየት እንጂ ለመገልገል እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ገባኝ። እኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል ብዬ ነበር።

ምስጧ ግን ሥራችንን ቀየረችው። ከቁይ ከተማ አንድ ቄስ የእጅ መስቀል ሊያዝዙ መጡ። ልጄ ጠይቃ ሣለችላቸው፤ በማግስቱ ሲመለሱ በፕላስቲክ ወጥቶ ጠበቃቸው። አገላብጠው አይተው «እጀታው ለኔ ጣት ወፈረ» አሉ። ቀጭን አድርጋ እንደገና አወጣችው። እሳቸው ወደውት ከሄዱ በኋላ አባትና ልጅ ያንኑ ፕላስቲክ እንደ ሰሙ በጭቃ ለበጡት፤ እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ጠፋ፣ ነሐሱ በቦታው ገባ። ቄሱ ሲረከቡ አንድም እንከን አላወጡም። ባለቤቴ ያን ቀን ከበርጩማው ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጧን ጠጋ ብሎ አያት። ወሬው ተሰማ፤ የሄዱት ደንበኞች መመለስ ጀመሩ።

እንዲህ እያለን ነው በሉማሜ መንገድ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ደብር የአሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢው የመጣው። እህል ነጋዴ ነው፤ አንደበቱ ቅቤ ነው። ለዓመቱ ንግሥ አዲስ የመጾር መስቀል እንደሚፈልጉ ተናገረ። ልጄ ሣለችለት፤ ወደደው። ምስጧ ትንሽ ስለሆነች መስቀሉን ክፍል ክፍሉን አውጥታ አጣበቀችው፤ ነጭ ሆኖ፣ ሐረጉ ሁሉ እንደ ጥልፍ ሆኖ ወጣ። ሰብሳቢው ሲያየው፣ ገንዘብ ያዋጣው ሕዝብ ስለሆነ ሕዝቡ አይቶ አስተያየት ይስጥበት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችሁ ኑ አለ። ነገሩ ተገቢ መሰለን። ልጄ ከሩቅ ሲታይ መጠኑ እንዲገመት ብላ በረጅም እንጨት ላይ ሰካችው። ሚኒባሱ ውስጥ እንጨቱ በመስኮት ወጥቶ፣ እኔ ደግሞ መስቀሉን አቅፌ ሄድን።

ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ በግቢው እንደተሰበሰበ ሰብሳቢው ልጄን ወደ ፊት ጠራት። ሴት ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትናገር ነው ብዬ ፈራሁላት። እሷ ግን በግልጽ ተናገረች፤ ይህ ናሙና ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ተመልክታችሁ የሚታረመውን ንገሩኝ፣ ከተስማማችሁበት በኋላ ይህ በጭቃ ውስጥ ይቃጠልና በቦታው ነሐስ ይፈስስበታል አለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከግንቡ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች እንኳ ራሳቸውን በእሺታ ሲነቀንቁ አይቻለሁ።

የደብሩ አለቃ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ደግ ሰው ናቸው። ቀረብ ብለው ለማየት እንጨቱን ከልጄ እጅ ተቀበሉ። ከዚያ የሆነውን ምን ልበል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስቀል በያዙ ቁጥር ያደረጉትን አደረጉ፤ ከፍ አድርገው አነሡትና ባረኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሕዝቡ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰና አንድ በአንድ ግንባሩን፣ ከንፈሩን እያስነካ መሳለም ጀመረ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ተሳለምኩ፤ መስቀል ፊቴ ሲመጣ ምን ላደርግ ኖሯል። ልጄ እርማቱን ልትጽፍ እርሳሷን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ክንዱ አጠረ ያላት የለም። ሐረጉ በዛ ያላት የለም።

በመጨረሻ መስቀሉን እንዲመልሱላት ስትጠይቅ አለቃው በእውነት ደነገጡ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰው ያሳለመ መስቀል እሳት ውስጥ ልትከቺው ነው?»

ልጄም አሰበችና፣ ግድ የለም አባታችን፣ ይህ እዚሁ ይቀመጥ፣ ለማቃጠሉ ሌላ አወጣለሁ አለቻቸው። ሥዕሉ በኮምፒዩተሯ ውስጥ ስላለ ለሷ ቀላል ነበር። መስቀሉ ዕቃ ቤት ገባ። እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ በሳቅ ነበር፤ ባለቤቴ ሲሰማ በሳል እስኪታፈን ድረስ ሳቀ። ከሰም ጋር ስኖር እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም አለ።

ሌላውን አወጣችና በጭቃ ለመለበጥ የሰብሳቢውን ቃል ጠበቀች። ቃሉ አልመጣም። ስትደውልለት እየተነጋገርን ነው ይላታል። ደግሞ ስትደውል ስብሰባ ላይ ነኝ ይላታል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከዚያ አገር የመጣች የማውቃት ሴት አቅፋ ሳመችኝና የልጅሽ መስቀል ወርቅ በወርቅ ሆኖ ሲታይ እንዴት ያምራል አለችኝ። የያዝኩት ሽንኩርት ከእጄ ወደቀ። የሥዕል ክፈፍ የሚቀባ ሰው ጠርተው ናሙናውን የወርቅ ቀለም አስቀብተውታል። ለነሐሱ የተዋጣው ገንዘብ ደግሞ ለደጀ ሰላሙ ጣራ ቆርቆሮ ሆኗል።

ሄድን። ሰብሳቢው በሱቁ በር ላይ በአክብሮት ተቀበለን፤ አጎንብሶ ነው የሳመን። ልጄ ረጋ ብላ መስቀሉ ፀሐይና ሙቀት እንደማይችል፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲሰነብት እንደሚለሰልስ፣ በንግሥ ቀን ቢጎብጥ ለሁላችንም ውርደት እንደሆነ አስረዳችው።

«ሕዝቡ ወዶታል እኮ» አላት። «ደግሞ ቀላል ነው፤ ዲያቆናቱ ዞረው አይደክማቸውም። እስካሁን የጎበጠ ነገር አላየንም።»

እኔ መሀል ገብቼ የሲኒውን ነገር ነገርኩት። ሻዩ እንዴት ቀሚሴ ላይ እንደፈሰሰ ሁሉ።

«እኛ ሻይ አንቀዳበትም፣ እኅቴ» አለኝ፤ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ገበሬዎች ሳቁ። እኔም ከነሱ ጋር ፈገግ አልኩ። ያን ፈገግታዬን ባስታወስኩ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

በንግሡ ቀን እዚያ ነበርኩ፤ ከልጄ ጋር አጥሩ ሥር ቆመናል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ሲጀመር የመስቀሉ ቀኝ ክንድ ዘመም ብሎ ነበር፤ እኔ ዓይኔን አላመንኩም። ሁለተኛውን ዙር ሲዞሩ እንደ ደከመ ሰው ክንድ ወደ ታች ወረደ። የያዘው ዲያቆን በእጁ ሊያቃናው ሲሞክር የባሰ ጠመዘዘው። እልልታው ተቋረጠ። ከጎኔ የነበረች ባልቴት ምን ቁጣ መጣብን ብላ ማልቀስ ጀመረች። ልጄ እጄን ጨብጣ ያዘች።

ሰብሳቢው ያን ቀን ለጠየቀው ሁሉ የሰጠው መልስ «ያመንናት ልጅ ናት» የሚል ነው። ሌላ ምንም አላለም። አስተዋይ ነው፤ ውሸት አልተናገረም። የቀረውን ሰው ራሱ ጨመረበት። ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ወሬው ቀድሞናል፤ የመስቀል ሠሪው ልጅ የነሐስ ብላ ፕላስቲክ ሸጠች። ሊያዝዙን የነበሩ የሌሎች ደብሮች ሰዎች ቀሩ። ከደብረ ወርቅ የመጡ አንድ መሪጌታ እስከ በራችን ደርሰው ከጎረቤት ጋር ሲነጋገሩ አየኋቸውና ሳይገቡ ተመለሱ። መስቀል የሚያሠራ ሰው የሠሪውን እምነት ነው የሚገዛው። በቤተ ክርስቲያን ላይ አታለለች የተባለች ልጅ ማሽን ብትደረድር፣ ነሐሷ ቢያበራ ማን ያዝዛታል? ምስጧ ነጠላዋን እንደለበሰች መዋል ጀመረች። ባለቤቴ ለደንበኛ በሩን በቀን ዘግቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ሰሞን በቀትር ዘጋ።

ብቻዬን ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ። የጠየቅኩት ገንዘብ አይደለም። መስቀሉን በተሳለማችሁበት ግቢ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ልጄ ናሙና ነው ብላ እንደነበር ተናገሩልኝ አልኩት። ያለ ምንም ክርክር እሺ አለኝ። እሁድ ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔው በአፌ እናገራለሁ አለ። ስመለስ መንገዱ አጭር ሆነልኝ። ለልጄ አዲሱን ነጠላዬን አለበስኳት።

እሁድ ከስብከቱ በኋላ ሰብሳቢው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጣ። ልጃችን ወጣት ናት፣ ሥራው አዲስ ነው፣ ሰው ነንና እንሳሳታለን አለ። እኔ የት ሊደርስ እንደሆነ ገና አልገባኝም። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«በሆነው ነገር ልቧ ስላዘነ፣ የነሐሱን መስቀል በነጻ ሠርታ ለደብራችን ልታበረክት ቃል ገብታለች።»

እልልታው ግቢውን ሞላው። ልጄን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች፤ አንገቷን ስታቀረቅር መስቀሉን በነጻ ልትሠራላቸው እንደሆነ አወቅሁ። ምክንያቱም እልል የተባለበት ነገር አይመለስም። ናሙናውን ሲወስዱባትም እንዲሁ ነው ያደረጉት፤ በእልልታ ነው የወሰዱት። አሁን ደግሞ በዚያው እልልታ ጥፋተኛም፣ ባለ ስእለትም አደረጓት።

እኔ በጉባኤ መሀል ተናግሬ አላውቅም። በዕድር ስብሰባ እንኳ የምፈልገውን ለጎረቤቴ በጆሮዋ እነግራታለሁ። ያን ቀን ግን ከሴቶቹ መሀል ተነሣሁ።

«ቃል አልገባችም» አልኩ።

እልልታው ከፊት በኩል ቆመ፣ ከኋላ ግን ያልሰሙት ቀጠሉ። እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ደገምኩት።

«ልጄ ቃል አልገባችም። ያጠፋችውም የለም። ናሙና ነው ብላ እዚሁ ቆማ ነግራችኋለች። ይቃጠላል ብላችኋለች። ቀለም የቀባችሁት እናንተ ናችሁ። ይጎብጣል ብለን ስንነግራችሁ ሻይ አንቀዳበትም አላችሁን። ሰማሁ የሚል አንድ ሰው ከሌለ፣ እኔ ሰምቻለሁ።»

ሰብሳቢው በትሕትና ፈገግ ብሎ እናት ናት፣ ልቧ ተነክቶ ነው፣ ተቀመጪ እኅቴ አለ። አንዱ ወንድ ከኋላዬ ሴት በዐውደ ምሕረት ብሎ አጉረመረመ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም፤ ብቀመጥ የማልነሣ መሰለኝ።

አለቃው ከመቀመጫቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። ልጄን ወደ እሳቸው ጠርተው ጠየቋት።

«ናሙና ነው ብለሽን ነበር?»

«ብያለሁ፣ አባታችን።»

አለቃው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱ።

«ብላለች። እኔም ሰምቻለሁ። እንጨቱን ስይዝ እጄ ቀደመኝ» አሉና ተቀመጡ።

ይኸው ነው። ከዚያ በላይ የተናገረ የለም። ሰብሳቢው ወዲያው ወደ ቆርቆሮው መዋጮ ተሻገረ። ሕዝቡ ሲበተን ጥቂት ሴቶች መጥተው ልጄን ሳሟት፤ ብዙዎቹ ደግሞ በሌላው በር ወጡ። ይቅርታ ያለን ሰው የለም። አዲስ የነሐስ መስቀል ከአዲስ አበባ አስገዝተው እንዳመጡ ቆይቼ ሰማሁ። ጥሩ ነው ይላሉ፤ ሄጄ አላየሁትም። ሰብሳቢው ዛሬም ሰብሳቢ ነው፤ ገበያ ሲያገኘኝ ምንም እንዳልሆነ አጎንብሶ ሰላም ይለኛል። እኔም ሰላም እላለሁ፤ ግን አልስመውም።

በሚኒባሱ ስንመለስ ልጄ ተቆጥታኝ ነበር። በሰው ፊት እንዲያ መነሣት አልነበረብሽም እማዬ፣ እሠራላቸውና ያበቃ ነበር አለችኝ። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ብትሠራው ኖሮ ጥፋቷን የካሰች ልጅ ትባል ነበር፤ ያላጠፋችውን የካሰች።

የአለቃው ቃል ቀስ ብሎ ተሰማ፤ በር ላይ የተመለሱት የደብረ ወርቁ መሪጌታም መጥተው አዘዙ። ልጄ ግን ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ የምታሳየውን የመስቀል ናሙና ሙሉ አድርጋ አታወጣም። ምስጧ ግማሹን ብቻ ትሠራለች፤ አንድ ክንድ፣ ግማሽ ራስ፣ ከመሀል በቀጥታ የተቆረጠ። እንጨት ላይም አትሰካውም፤ ግማሽ መስቀል የሚሳለም የለም። ያዘዙት ሰዎች ሲመጡ ግራ ይገባቸዋል። አንዱ ሌላው ክንዱስ የት ሄደ ይላታል፤ እንደዚህኛው ነው ትለዋለች። ባለቤቴ በርጩማው ላይ ሆኖ ይስቃል። እኔን ግን አያስቀኝም። ያችን ማሽን የዓባይን በረሃ ያሻገረቻት፣ ያዘዘው ሰው ሥራውን እሳት ሳይነካው ሙሉውን እንዲያይ ብላ ነበር። አሁን ሰዎቹ ለማየት ሲመጡ ግማሹን ከእነሱ ትደብቃለች።